ደስታችንን ለሚያርሙልን ሊቃውንት

የሙዚቃ ሊቃውንት ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ዘፈን ሰምተን ደስ ሲለን፣ «ይሄማ ደስ አይልም» ብሎ የሚያርመን ሰው አጥተን ዝም ብለን ስንደሰት እንኖር ነበር እኮ። እድሜ ይስጣቸው!

የእንግሊዙን የግላም ሮክ (በብልጭልጭ ልብስና በተኳኳለ ፊት የሚታወቅ ሮክ) ባንድ ስዊትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1971 «ኮ-ኮ» የምትባል ዘፈናቸው እዚያው አገራቸው ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣች። የለየላት የማስቲካ ፖፕ (ቀለል ያለች፣ ጆሮ ላይ የምትጣበቅ ዘፈን) ናት፤ አንዴ የሰማት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጎራጉራት ይከርማል። ሊቃችን ግን ገና ስሟ ሲነሳ ፊቱ ይጨማደዳል። «እሷ እኮ የስዊት ሥራ አይደለችም!» እውነቱን ነው። የጻፏት ኒኪ ቺን እና ማይክ ቻፕማን ናቸው፣ መሣሪያውን የተጫወቱት ደግሞ ለስቱዲዮ የተቀጠሩ ባለሙያዎች። ልጆቹ የዘፈኑት ብቻ ነው። ብቻ! ድምፃዊው ብራያን ኮኖሊ ጉሮሮውን ይዞ ከመምጣት ሌላ ምን ሠራ?

ከዚያ ሊቁ ሸክላውን ገልበጥ ያደርጋል። ጀርባው ላይ ባንዱ ራሱ የደረሰው፣ ራሱ የተጫወተው ጠንካራ ሮክ አለ። «ስዊት ማለት ይሄ ነው!» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አሪፍ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ያ የጀርባ ዘፈን በየቤቱ የገባው ግን የፊቷን ፈልገው ሸክላውን በገዙ ልጆች ሳንቲም መሆኑን ሊቁ ፊት እንዳታነሱ፣ ነውር ነው።

የፍርዱ ሚዛንማ አይነገርም። በ1973 «ብሎክ በስተር» እንግሊዝ ውስጥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆና ከረመች። እሷን ሊቃችን ይወዳታል፣ እንደውም ይሳሳላታል። ማን ጻፋት? እነዚያው ቺን እና ቻፕማን! ግን በዚያ ጊዜ ልጆቹ መሣሪያውን ራሳቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ተኳኩለው፣ በብልጭልጭ ልብስ ስለመጡ ክሱ በይርጋ ተዘጋ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፣ በትሕትና። በ1975 አራቱ ልጆች ራሳቸው የጻፏትን፣ ራሳቸው የተጫወቷትን «ፎክስ ኦን ዘ ረን»ን በነጠላ ሸክላ አወጡ። የቺን እና የቻፕማን ብዕር የለበትም። አዝማቿ ጆሮ ላይ ተለጥፋ አልለቅ የምትል ሆነችና እንግሊዝ ውስጥ ሁለተኛ ወጣች፣ ልክ እንደ «ኮ-ኮ»። ታዲያ ይቺስ እውነተኛ ስዊት ናት ወይስ ማስቲካ? መልሱን እየጠበቅን ነው። ሊቁ ለጊዜው ሸክላ እየገለበጡ ስለሆነ ሊያነጋግሩን አልቻሉም።