መምህር የሚቆይበት ትምህርት ቤት

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በመኪና ብዙም በማይርቀው ሃያትስቪል፣ ሜሪላንድ፣ ደማታ የሚባል የወንዶች ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። እዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስሙን የምንሰማው በቅርጫት ኳስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም። አስተማሪው ዕድሜውን ይሰጠዋል፤ ተማሪውም ጎልምሶ ልጁን ሊያስመዘግብ ይመለሳል።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1946 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከግንባር የተመለሰው ወታደር በመንግሥት ዋስትና ብድር አግኝቶ ከከተማው ዳር ቤት መግዛት ጀመረ። አዲስ ሰፈር በተቆረቆረበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፣ ትምህርት ቤትም ተከተለ። ደማታን ያቋቋሙት የሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ማኅበሩን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመሠረተው ቅዱስ ዮሐንስ ዘማታ ሲሆን፣ ዋና ሥራው በጦርነት የተማረኩ ክርስቲያኖችን ቤዛ ከፍሎ ማስለቀቅ ነበር። የትምህርት ቤቱ ስም ከእሱ የመጣ ነው።

ሞርጋን ዉተን የሚባል ወጣት መምህር በ1956 እዚያ ተቀጠረ። ታሪክ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቅርጫት ኳስ ያሠለጥናል። እስከ 2002 ድረስ፣ 46 ዓመት ሙሉ፣ ከዚያች ወንበር አልተነሣም። ቡድኑ 1,274 ጊዜ ሲያሸንፍ የተሸነፈው 192 ጊዜ ብቻ ነው። የተሻለ ደመወዝና ዝና የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ሊወስዱት ቢፈልጉም ሁለተኛ ደረጃ ላይ መቅረትን መረጠ። እኛ ጋ ሰው ጎበዝ አስተማሪ ሲሆን የምንጠይቀው ጥያቄ “መቼ ነው የሚለቀው?” የሚል ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚነሣው የጃንዋሪ 30 ቀን 1965 ጨዋታ ነው። የኒው ዮርኩ ፓወር ሜሞሪያል፣ እሱም ካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ መጣ። መሐል ላይ የሚቆመው ሉ አልሲንዶር የሚባል እጅግ ረጅም ልጅ ነበር፤ ኋላ ዓለም ከሪም አብዱልጀባር ብሎ ያወቀው። በእሱ ላይ ኳስ መወርወር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው። ዉተን በልምምድ ጊዜ ለተከላካዮቹ የቴኒስ ራኬት አስይዞ እጃቸውን ወደ ላይ እንዲዘረጉ አደረገ፤ ወርዋሪዎቹ ልጆች ኳሱን ከራኬቱ በላይ ማሳለፍ እስኪለምዱ ድረስ። ከ12,000 በላይ ሕዝብ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ታድሞ ደማታ 46 ለ 43 አሸነፈ። ልጆቹን በየቀኑ የሚያያቸው፣ የማን ክንድ የት ድረስ እንደሚዘረጋ የሚያውቅ አስተማሪ ነው እንዲህ ያለ መላ የሚዘይደው።

የተሸነፈው ፓወር ሜሞሪያል በ1984 ተዘጋ። እሱ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከ5 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ያለ ደመወዝ ለማለት በሚያስደፍር ኑሮ ያስተምሩ የነበሩት ደናግልና መነኮሳት አረጁ፣ የሚተካቸውም ጠፋ። ያልመነኮሱ መምህራን ሲቀጠሩ ደመወዝ መጣ፣ ከደመወዝ ጋር ክፍያ ናረ፣ ክፍያው ሲንር ደግሞ ሠራተኛው ቤተሰብ ልጁን አስወጣ። የቆዩት ባብዛኛው የቀድሞ ተማሪዎቻቸው “የኔ ነው” ብለው የያዟቸው ናቸው። ዉተን ጡረታ ሲወጣ ቡድኑን የተረከበው ማይክ ጆንስ እዚያው የተማረ ልጅ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ በሌላ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ሃይማኖት ትምህርት ለሁሉም ግዴታ ነው፤ ኦርቶዶክስ ስለሆነ እሑድ እሑድ ወደ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ችግርም አላየንም። አንድ ቀን ማታ ለሙዚቃ ዝግጅት ሄድኩ። በሩ ላይ ወላጆች ኬክና ቡና ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ ለባንዱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ወንበር የሚደረድሩት ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ሲተዋወቀኝ ከስሙ አስቀድሞ የተመረቀበትን ዓመት ነገረኝ። የኛ አባቶች ልጃቸውን አድርሰው መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ፣ ወይም ወደ ሁለተኛ ሥራቸው ይሮጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ ያንን ክፍያ ለመሸፈን የሚነዳው ታክሲ እንቅልፍ ያሳጣል። ግን ልጁ አባቱን እዚያ ወንበር ሲደረድር ቢያየው ደስ ባለኝ።

አገር ቤት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ብርቅ አይደለም። ቅዱስ ዮሴፍ፣ ናዝሬት፣ ልደታ ካቴድራል ሲባል አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ለምዝገባው የሚደረገውን ሩጫም ያውቃል። በ1945 ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሊያስተዳድሩ የመጡት የካናዳ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር የሚያስተምሩት። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬም ስለ መምህሮቻቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

የዛሬው ተማሪ ስለ ማን ያወራል? ጎበዙ የፊዚክስ መምህር ቤት ኪራይ ሲያቅተው የተሻለ ወደሚከፍል ይሄዳል፣ አለዚያም ሙያውን ይተዋል። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ የሚሞላው የክፍያ ጭማሪ ሲነገር ነው። ወላጁ የከፈለውን በፈተና ውጤት ይቆጥራል፣ ውጤቱ ካላማረ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ይዛወራል። ትምህርት ቤት የሚያልፉበት መንገድ ሆነ እንጂ የሚመለሱበት ቤት አልሆነም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

እዚህ ዋሽንግተን ግን የድሮ ትምህርት ቤቶቻችን ልጆች ይሰባሰባሉ። ራት ይበላል፣ ትዝታ ይወራል፣ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይዋጣና ኮምፒውተር ወይም መጽሐፍ ይላካል። ደግ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ራት ላይ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት የቆየው የሒሳብ መምህር በወር ስንት እንደሚያገኝ ይጠይቅልኝ፤ መዋጮውም ከእሱ ይጀምር።