እርማት፦ የምሰሶ ጫፍ ለአጭር ሞገድ ግዴታ አይደለም

ወንድማችን «ከባለሸራ ጀልባ በአማተር ሬዲዮ የሚላክ ኢሜይል ሩቅ እንዲደርስ አንቴናው ምሰሶ ጫፍ ላይ መሰቀል አለበት» ብለዋል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ለቪኤችኤፍ (ለቅርብ ርቀት ለሚያገለግለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሬዲዮ) ብቻ ነው የሚሠራው። የቪኤችኤፍ ሞገድ በቀጥታ ስለሚጓዝ ከፍታ ይጠቅመዋል፤ 15 ሜትር ላይ ያለ አንቴና እንኳ የሬዲዮ አድማሱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዊንሊንክ፣ ማለትም በአማተር ሬዲዮ የኢሜይል ሥርዓት፣ ከውቅያኖስ መሃል የሚላከው ግን በአጭር ሞገድ ነው። ሞገዱ ወደ አዮኖስፌር፣ ሞገዱን ወደ ምድር ወደሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ወጥቶ ይመለሳል። የዶይቼ ቬለን አማርኛ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ያዳመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ድምፁ የመጣው ከጎረቤት ኮረብታ አልነበረም።

ስለዚህ ብዙ መርከበኞች ምሰሶውን ወደ ኋላ የሚወጥረውን የብረት ገመድ ላይና ታች በኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማገጃ) ለይተው አንቴና ያደርጉታል። ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር የሚያጣጥመው አውቶማቲክ ቱነር ከገመዱ ሥር ይቀመጣል። ዋናው ጣጣ ያለው ታች ነው፦ ቱነሩ ከጨው ባሕሩ ጋር በደንብ ካልተያያዘ የሬዲዮው የ100 ዋት ጉልበት ይባክናል፤ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ተመልሶ ሞደሙንና ላፕቶፑን ያደናግራል። ምሰሶ ላይ ለመውጣት ያሰቡትን ገንዘብ ቱነሩን ከባሕሩ ጋር ለሚያያይዘው የመዳብ ጥብጣብ ያውሉት።