አፋችሁን ከልጆቹ ገላ ላይ አንሡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁትን፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ያላችሁትን ሁሉ። ቅር የሚለው ይበለው።

ነገሬ ከዘፈን ይነሣል። በፈረንጆቹ 2014 ሜጋን ትሬይነር የምትባል የ20 ዓመት አሜሪካዊት «ኦል አባውት ዛት ቤዝ» የሚል ዘፈን አወጣች። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቀጭን አይደለሁም፣ አላፍርበትምም ትላለች። መጽሔት ላይ በፎቶሾፕ የተስተካከለውን ገላ ውሸት ነው ትላለች። ዜማው ደግሞ ቁጭ አያስብልም። ሰሞኑን አንዲት ዘመዴ ለቲክቶክ ቪዲዮዋ ማጀቢያ አድርጋው ሰማሁትና እኔም አብሬ አንጎራጎርኩ።

ግን እኛ የቅኔ አገር ሰዎች አይደለን? ዲማና ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ ያሉት በእኛው ምድር ነው። እስቲ ይህንንም ፍቱት። ሰሙ «ገላሽን ውደጂው» ነው። ወርቁስ? ዘፈኑ ውስጥ እናት ልጇን ታጽናናለች። ስለ ውፍረትሽ አትጨነቂ፣ ወንዶች ሞላ ያለች ሴት ይወዳሉ ትላታለች። እንግዲህ ማጽናኛው ይኼ ነው። ወንዶቹ ሐሳባቸውን የቀየሩ ቀን ልጅቷ ምን ልትሆን ነው? ወፍራሞቹን አነሣለሁ ሲልም ቀጫጮቹን ሸንቆጥ ያደርጋል። ያኔም ብዙ ሰው ተችቶታል። እሷ ራሷም አልተረፈችም። በ2016 «ሚ ቱ» የሚለው ዘፈኗ ቪዲዮ ሲወጣ ወገቧን ሳታውቅ በኮምፒውተር አቅጥነውት ተገኘ። ተናዳ አስወረደችውና ያልተነካካውን አስለቀቀች።

እሷስ አስወረደችው። የእኛን ልጆች ወገብ የምትለኩትን እናንተን ማን ያስወርዳችሁ?

ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ትመጣለች። ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ አክስት በር ላይ ትቀበላታለች። «ውይ በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ጠቆርሽም እኮ!» ለፋሲካ ስትመጣ ደግሞ ያችው አክስት «ኧረ በዛ! እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል?» ትላለች። ሰላምታ መሆኑ ነው። እትዬ፣ ፈተናው እንዴት ነበር ብሎ የጠየቃት እኮ የለም። የምትወጃት መሆኑን አውቃለሁ። ስስትሽም ከልብ ነው። ግን ከደጅ ጀምረሽ እንደ ገበያ በግ ወገቧን ዳበስሻት።

ሰርግ ላይ ይብሳል። ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ ሚዜዋ እስክስታ ወረደች። ትከሻዋ ሌላ ነው፣ ደንበኛ የጎጃም ትከሻ! አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ ግን ስልኩን ወደ ታች አዘቅዝቆ የሚቀርጸው ሌላ ነው። ማታውኑ ተለጠፈ። ኮመንቱን ያነበብኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። «ቀሚሱ አዘነ» ይላል አንዱ። «ይችን ለማግባት ጎተራ ያስፈልጋል» ይላል ሌላው፤ አምሳ ሰው ስቆለታል። ጻፊው የሩቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ አንገቱን ደፍቶ የሚቆም የሰፈራችን ልጅ ነው። አንተ ልጅ፣ ይኼን ስታነብ ራስህን ታውቃለህ።

መልክ የማይለወጥ ልክ አለው የሚል ካለ የአያቱን አንገት ይይ። እነዚያ ሴቶች በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት አንገታቸውን ተነቅሰዋል። ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ብለው ድዳቸውን አስጠቁረዋል። ደም እየፈሰሳቸው፣ ድዳቸው አብጦ ምግብ መብላት እስኪያቅታቸው። ያኔ ያልተነቀሰች ልጅ መቀለጃ ነበረች። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ንቅሳቱን አይተው «ፋራ» ይላሉ። ሳቁ ያው ነው፤ የሚሳቅባት ተለወጠች እንጂ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከመርፌ አልፎ ኪኒን ደርሷል። አንድ የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሻጩ ከመሳቢያው ትንንሽ ኪኒኖች አወጣ። በላስቲክ የተቋጠሩ ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ ማብቂያ ቀን የላቸውም። «መወፈሪያ ነው፤ በወር ውስጥ ዳሌ ታወጫለሽ» አላት። ልጅቷ ዋጋ ብቻ ጠይቃ ከፈለች። መወፈሪያ እየተባለ የሚቸበቸበው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። የመጀመሪያው ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለከባድ ሕመም የሚያዘው፣ አወሳሰዱን የሚከታተለው መድኃኒት። ያለ ሐኪም ሲወሰድ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የበሽታ መከላከያን ያዳክማል። ፊት ድቡልቡል ሲል እናንተ «አማረባት» ትላላችሁ። ማቅሊያው ቅባትም ከዚህ አይሻልም። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳ ያሳሳል።

ስለዚህ ባለሱቁ፣ መሳቢያህን አጽዳ። ፋርማሲ ያለህም ብትሆን ያለ ማዘዣ አትስጥ፤ ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ባለ ካሜራው፣ እስክስታ የሚወረደው በትከሻ ነው፤ ትከሻውን ቅረጽ። አክስቶችና አጎቶች፣ ልጅ ስትመጣ ጉንጯን ስማችሁ ቡና አፍሉ። ስለ ኪሎዋ የሚያሳስባችሁ ሕመም ካለ ለብቻዋ ጠርታችሁ ጠይቋት። አባቶችም «የሴት ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሰርጉን የደገሳችሁት እናንተ ናችሁ።

አንቺ ኪኒኑን የጀመርሽው እህቴ ግን፣ ይኼን አንብበሽ ደንግጠሽ ዛሬውኑ እንዳትወረውሪው። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። እየተቀነሰ ነው የሚቆመው፣ እሱም በሐኪም ነው። ኪኒኑን ከነላስቲኩ ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለስንት ጊዜ እንደወሰድሽው ሳትደብቂ ንገሪያቸው። አክስትሽ «ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ጤና ጣቢያ?» ካለችሽ ይኼን ጽሑፍ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።