የቄሱ ባለቤት ብቻ አልነበሩም

በቅርቡ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንዲት አዛውንት አረፉ። ዘጠናን አልፈው ነበር። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ አይሞላም። የቄስ ባለቤት፣ የልጆች እናት፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ጾመኛ። ሁሉም እውነት ነው። መምህርነታቸው ግን በአንድ መስመር ታለፈ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስማቸውን አልጠቅስም፤ ቤተሰቡ ገና ሐዘን ላይ ነው። ደግሞም እንደሳቸው ተድበስብሶ የተነገረላቸው ሴቶች በጎጃም ብዙ ናቸው።

ጎጃም የትምህርት ድሃ ሆኖ አያውቅም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል። የተፈራው አስኳላው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነበር። አስኳላ የገባ ልጅ ጾም ይሽራል፣ ሃይማኖቱን ይለውጣል ይባል ነበር። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ የመንገዱ ጠለፋ አለ፣ የእናት የእንጨትና የውኃ ሥራ አለ። ወላጅ ለምን ብሎ ይልካት?

እዚህ ላይ ነው የቄሱ ባለቤት መምህርት መሆናቸው ሁሉን የለወጠው። ጾሙን ከማንም በላይ የሚጾሙት እሳቸው ናቸው። ልጁን ክርስትና ያነሡት፣ ቤቱን ጠበል የሚረጩት፣ ንስሐ የሚቀበሉት ባላቸው ናቸው። እሳቸው ክፍል ውስጥ ቆመው እያስተማሩ፣ አስኳላ ሃይማኖት ያስለውጣል ብሎ ማን ይከራከራል? መንግሥት በአዋጅ ሊያመጣው ያልቻለውን አመኔታ እሳቸው ይዘውት ነው የመጡት።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቆማሉ። የስም መጥሪያ ደብተራቸው በነጠላቸው ሥር ነው። የቀረችውን ልጅ እናት ከሕዝቡ መሐል ለይተው ይጠሩና፣ "አንቺ፣ ያቺ ልጅ ነገ ካልመጣች እኔው ቤትሽ እመጣለሁ" ይሏታል። ይመጣሉም። ቡና ተፈልቶላቸው፣ ልጅቷን ሳይዙ አይወጡም። እናቴ ይህን ስታወራ ዛሬም በአድናቆት ነው፤ እኅቴ እንዲህ ነው የተማረችው።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱንም ማለት አለብኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ድንግል መሆን አለባት። ሥርዓቱ ዕድሜዋን አላሳነሰም። ቤተሰብ ግን "ንጹሕ ትሁን" እያለ ገና ሕፃን ሳለች ያጭ ነበር። መምህርቷም ራሳቸው በልጅነት የተዳሩ ናቸው። ትምህርት የጀመሩት ካገቡ በኋላ ነው፤ ባላቸው ፈቅደው፣ ዘመድ አኩርፎ። ተማሪዎቻቸው ሊዳሩ ነው ሲባል ከማንም ቀድመው የሚቆጡት ለዚህ ይመስለኛል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው በ1995 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት በራሳቸው አንደበት ብቻ ስንቱን ሠርግ አስቀርተዋል።

ስለ ደመወዛቸውም የሚያወራ የለም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች። ካህኑ በሰሞን መሬት፣ በቤተ ክርስቲያኗ መሬት መኖሩ ቀረ። በዚያ ቤት በየወሩ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ የመምህርቷ ደመወዝ ብቻ ሆነ። ቄሱ በአገልግሎታቸው ጸንተው የቆዩት በማን ድጋፍ ነው? በቀብሩ ላይ የቄሱ ጽናት ተነገረ፤ የደመወዙ ነገር አልተነሣም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ማታ ማታ እናቶችን አስተምረዋል። ብዙ ቦታ ስብሰባ የሚጠራው በቅዳሴ ሰዓት በነበረበት ዘመን፣ የመንግሥት ሠራተኛም የካህን ሚስትም ሆኖ መኖር ቀላል አልነበረም። አገሪቱ በዚያ ዘመቻ ከዩኔስኮ ተሸልማለች። ጠመኔ ይዘው የቆሙት ግን እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ጎጃምም ክፉኛ ተጎድቷል። ከትምህርት የራቀች ልጅ ወይ ትዳራለች ወይ ትሰደዳለች። በሮቹ ሲከፈቱ ወላጅ "ልጄን አምኜ ልላክ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ የመለሱ ሴቶች አሉን። እንዴት አድርገው እንደመለሱት ግን አልጻፍነውም። ሕንፃ መጠገን ብር ካለ ይቻላል። እናትን ደጀ ሰላም ላይ አስቁሞ ማሳመን ግን በብር አይገዛም፤ የሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት።

የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክና የትምህርት ተማሪዎች አሏቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ጡረታ የወጡ የገጠር መምህራን ሕይወት ቢሆን ምን አለበት? መቅረጫው ስልካቸው ላይ አለ። ከመምህርቷ ባልደረቦች መካከል በሕይወት ያሉ አሉ፤ አንዷ ሞጣ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል እንጂ የተማሪዎቻቸውን ስም በተራ ይጠሩታል።

ልጆችና የልጅ ልጆችም አደራ። የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የቀብሩን ዋዜማ አትጠብቁ። በስንት ዓመተ ምሕረት እንደጀመሩ፣ የት የት እንዳስተማሩ፣ ስንተኛ ክፍል እንደያዙ፣ ማንን ከሠርግ እንዳስቀሩ አሁኑኑ ጠይቁና በደብተር ላይ አስፍሩት።