ደሙ ከእኛ፣ ጥያቄው ከሌላ፤ እስከ መቼ?

ሰሞኑን ሐረር ላይ በተካሄደ አንድ የምርምር ዕቅድ ግምገማ የተነገረው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ወጣት ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በጋራ አንድ የጥናት ሐሳብ አቅርበው ነበር። በሊምፎማ፣ ማለትም ከራሳቸው ከተከላካይ ሕዋሳት በሚነሳው ካንሰር፣ እና በልብ ሕመም ውስጥ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ፣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ባሉ ታካሚዎች ላይ እንመርምር የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅድሚያ ዝርዝሩ ተሰረዘ። ነገሩ በስረዛው ቢያበቃ የበጀት ጉዳይ ነው ብለን እንተወው ነበር። አንጀት የሚያቃጥለው የተሰጠው ምክንያት ነው። ከመድረኩ እንደተነገረው ይህ ምርምር ለእኛ ቅንጦት ነው፤ የልብ ሕመም የጠገበ ሕዝብ በሽታ ነው፤ ሊምፎማና ልብ የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ደግሞም ሀብታሞቹ አገሮች ውጤቱን ሲያገኙት አንብበን እንጠቀምበታለን። አዳራሹ ይህን ሰምቶ አጨበጨበ።

ከሁሉም የከፋው ያ የጥጋብ ነገር ነው። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የሕፃናት ሕክምና ክፍል ገብቶ የወጣ ሰው ይህን አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም። ሁለት ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ የሚያጥራትን፣ ማታ ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት የማትችለውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያሳመማት ቅቤና ሥጋ አይደለም። ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። መነሻውም እናቶች ቶንሲል ነው ብለው የሚያልፉት የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ተከላካይ ሕዋሳቱ ሊያጠፉት ይዘምታሉ። የባክቴሪያው ገጽ ግን ከልብ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚመሳሰል፣ የአንዳንዱ ልጅ ሕዋሳት ዞረው የገዛ ልቡን ይወጋሉ። የልቡ ቫልቭ፣ ማለትም የደሙ በር፣ ይጠነክራል፣ ይጠብባል ወይም በትክክል መዝጋት ያቅተዋል። ይህ በሽታ የሚፈላው ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተፋፍጎ በሚያድርበት፣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜ በማይታከምበት ቦታ ነው። በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

ይህ አንድ እውነት «አንብበን እንጠቀማለን» የሚለውንም ምክንያት አብሮ ያፈርሰዋል። ከደጃቸው የጠፋውን በሽታ ማን ያጠናልናል? ማንስ ጽፎ ያስነብበናል? ዛሬም በእጃችን ያለው ዋናው መከላከያ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ መድኃኒት። ጥቅም ላይ የዋለ ክትባት የለም። በአንድ ቤት አድረው፣ በአንድ ሳምንት ጉሮሯቸውን ከታመሙ ሁለት ወንድማማቾች የአንደኛው ሕዋስ ልቡን ሲወጋ የሌላው የሚምረው ለምን እንደሆነ የተሟላ መልስ እስካሁን አልተገኘም። መልሱ የሚገኘው ልጆቹ ባሉበት ነው። ልጆቹ ያሉት ደግሞ እዚህ፣ በገንደ ቆሬና በጀጎል፣ በቀርሳና በባቢሌ ነው።

ሊምፎማንና ልብን በአንድ ጥናት ማጣመራቸው እንደ አለመብሰል ተቆጥሮባቸዋል። ይህን ያለ ሰው የመስኩን ጽሑፍ አልተከታተለም። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት ሥራቸው የሞተውንና የተበላሸውን ሕዋስ መዋጥ ነው። ጤነኛ ሕዋስ እንዳይዋጥ ሲዲ 47 የተባለ ፕሮቲን በገጹ ላይ ይዞ ይታያል፤ መልእክቱም «አትብላኝ» ነው። የሊምፎማ ሕዋስ ይህንኑ ምልክት አብዝቶ ይለብስና ያመልጣል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ስብ በተከማቸበት የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥም ይኸው ምልክት እንደሚበዛ፣ በዚህም የተነሳ በመሞት ላይ ያሉ ሕዋሳት ሳይጠረጉ እንደሚቀሩ አሳዩ፤ ምልክቱን የሚሸፍን ፀረ እንግዳ አካል ሲሰጣቸው የአይጦቹ ቧንቧ ሁኔታ ተሻሻለ። በ2018 ተመሳሳይ መድኃኒት ሪቱክሲማብ ከተባለው የሊምፎማ መድኃኒት ጋር ለ22 የሊምፎማ ታካሚዎች ተሰጥቶ ለግማሾቹ ሠራ። በ2021 ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱ ጥቂት የሊምፎማ ታካሚዎች የአንገት ደም ቧንቧ ላይ የነበረው መቆጣት ቀንሶ መታየቱ ታተመ። አንድ ሕዋስ፣ አንድ ምልክት፣ ሁለት በሽታ። የማይገናኙ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

አምራቹ ኩባንያ በ2024 መድኃኒቱን በደም ካንሰሮች ላይ መሞከሩን ማቆሙ እንደ መከራከሪያ ቀርቧል። ውሃ የማያነሳ መከራከሪያ ነው። አንድ መድኃኒት ስለወደቀ ሕዋሱ ሥራውን አላቆመም። በ2017 ይፋ በሆነው ጥናት ከ10,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ የሰውነትን መቆጣት ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት በተሰጣቸው ላይ ኮሌስትሮላቸው ሳይነካ ድንገተኛ የልብ ጥቃታቸውና የደም ቧንቧ ችግራቸው መቀነሱን፣ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትም ማነሳቸውን መርሳት አይገባም። በሕክምናው በኩልም ቢሆን ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ የለም። ለሊምፎማ ዋነኛ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ፣ በጉሉኮስ መስመር የሚወርደው ቀዩ ዶክሶሩቢሲን፣ መጠኑ ሲጠራቀም የልብን ጡንቻ ያደክማል። ከካንሰሩ ድኖ በልብ ድካም የሚመለስ ታካሚ ያየ ሐኪም ሁለቱን ለያይቶ ማሰብ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ለሚሉት ሁሉ የምመልሰው በካምፓላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት መንጋጋው ያበጠ ሕፃን ቀረበለት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሕፃን አየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጽፎ አሳተመው። በእጁ ውድ ማሽን አልነበረም። ያደረገው ነገር ቢኖር ፎቶግራፍና መጠይቅ ለአፍሪካ ሆስፒታሎች መላክ፣ ቀጥሎም በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአንድ አሮጌ መኪና 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየዞረ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ በካርታ ላይ ማስፈር ነው። ካርታው ተናገረ። ዕጢው ሞቃትና ዝናባማ ቆላ ላይ ይበዛል፤ ደጋ ላይ ይጠፋል፤ የወባ ካርታ ላይ ቢያነጥፉት ይገጥማል። ዛሬ በርኪት ሊምፎማ የምንለው ይህ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? የዩጋንዳ ሕፃናት ዕጢ ቁራጭ በአውሮፕላን ወደ ለንደን እየተላከ፣ በ1964 አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ በውስጡ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች የመጀመሪያው ሆኖ በታሪክ ተመዘገበ። ቫይረሱ ዛሬ የሚጠራው በለንደኖቹ ስም፣ ኤፕስታይን-ባር ተብሎ ነው። ሥጋው የካምፓላ፣ ስሙ የለንደን። ግኝቱን አላናንቅም፤ ሥጋው ከአፍሪካ ባይሄድ ኖሮ ግኝቱ እንደማይኖር ግን ደጋግሜ እናገራለሁ። ዩጋንዳም የበይ ተመልካች ሆና አልቀረችም። በ1967 የካንሰር ኢንስቲትዩት አቋቋመች፤ ይህ ሊምፎማ በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል ለዓለም ካሳዩት ቦታዎች አንዷ ሆነች። ያን ጊዜ ዩጋንዳ ሀብታም ነበረች? አንድም ሰው ቅንጦት ነው ብሎ ቢያስቆማት ኖሮ ስንት ልጅ ይሞት ነበር?

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ወባ ለምን ሊምፎማን እንደሚጠራ የተጠናው ኬንያ ውስጥ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኪሱሙ፣ ወባ በማይለቃቸው ልጆች ያንን የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚጠብቁት ቲ ሴሎች የተባሉ ተከላካይ ሕዋሳት በደጋማው ናንዲ ካሉ ልጆች ይልቅ ደክመው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። እንግዲህ የእኛን አገር ተመልከቱ። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ወባ ታውቃለች። ሐረር ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት። በመካከላቸው በደንገጎ ዳገት በኩል የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ተፈጥሮ ለዚህ ጥያቄ የሚሆነውን ማነጻጸሪያ ከደጃችን አስቀምጣልናለች። በዚያ ላይ በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ አለ። ከእስያ የመጣችው፣ በከተማ የውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር መያያዟን ከአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተነሱ ተመራማሪዎች አረጋግጠው ለዓለም አሳወቁ። ዓለም ስለዚች ትንኝ ሲናገር ድሬዳዋን ይጠራል። ወባ ወደ ከተማ ሲገባ የሕፃናቱ ተከላካይ ሕዋስ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ታዲያ ከድሬዳዋ ካልተነሳ ከየት ይነሳል?

ገንዘብ የለም ይባላል። የገንዘቡ ነገር አይጠፋኝም፤ ግን የተጠየቀው ምን እንደነበር አንብበውታል? የተጠየቀው የሚወሰዱ የዕጢ ቁራጮች በአግባቡ እንዲቀመጡና እንዲመዘገቡ፣ የአንድ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ግዢ፣ ሕዋሳቱን ለይተው የሚያሳዩ ማቅለሚያዎችና የሁለት ሰው ሥልጠና ነው። ያለዚህ የምንኖረውን ኑሮ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የቀርሳ ገበሬ የልጁን ዕጢ በጥቁር ፌስታል ይዞ አውቶቡስ ሲሳፈር አይቻለሁ። ልጁ አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦበት የዕጢ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ውጧል፤ ዕጢው ግን አደገ። ቁራጩ ተወስዶ ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ተነከረ፤ የብልቃጡ ክዳን በፕላስተር ተጠቀለለ፤ ስሙ በእስክሪብቶ ተጻፈበት፤ ለአባትየው ተሰጠው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ፎርማሊኑ ፈስሶ ስሙን አጥፍቶት ነበር። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ሆጅኪን ሊምፎማ ነው። ቁራጩ እዚያው ቀረ። ከእዚህ ልጅ በኋላ ለሚመጣው ልጅ የሚጠቅም አንዲት መስመር እንኳን በእኛ መዝገብ አልተጻፈችም። በሆጅኪን ሊምፎማ ዕጢ ውስጥ ትክክለኛዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ናቸው፤ አብዛኛው በዙሪያቸው የተሰበሰበ ተከላካይ ሕዋስ ነው። ወጣቶቹ ባለሙያዎች እናጥናው ያሉት ይህንን ነው። እኛ በፌስታል የምንሸኘውም ይህንኑ ነው።

ይህ ሐሳብ ከቅድሚያ ዝርዝሩ በመሰረዙ የተረፈው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ጫት ዕውቀት፣ አመለካከትና ልማድ መጠይቅ ይበተናል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተበተነው መጠይቅ ቀበሌው ብቻ ተቀይሮ እንደገና ይበተናል። ለማኅበረሰቡ ቀጥተኛ ጥቅም አለው የሚባለው ይህ ነው። ያ የቀርሳ አባት ከዚህ መጠይቅ ምን አገኘ? የሚያሳዝነው አቅሙ ጭራሽ የሌለን አለመሆናችን ነው። በሐረርና በቀርሳ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተሰብን እየቆጠረ የሚከታተልባቸው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ሥፍራዎች አሉ። የሕፃናት ሞት መንስኤ በናሙና ጭምር የሚመረመርበት ዓለም አቀፍ ጥናት እዚሁ ይካሄዳል። የሞተውን ልጅ ሕብረ ሕዋስ በዚህ ጥራት መመርመር የቻለ አካባቢ፣ በሕይወት ያለውን ልጅ ዕጢ መመርመር ቅንጦት ነው ሲባል እንዴት ዝም ይላል?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የግምገማው ቃለ ጉባኤ ይፋ ይሁን፤ ሐሳቡን ማን በምን ነጥብ እንደጣለው ይታወቅ። ከጣሉት መካከል የካንሰር፣ የልብ ወይም የተከላካይ ሕዋስ ባለሙያ አንድ እንኳን እንደነበር ይነገረን። ካልነበረ ሐሳቡ በባለሙያ እንደገና ይመርመር፤ ይህም በጀቱ ከመዘጋቱ በፊት ይሁን። ወጣቶቹን ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ሐሳባችሁን አታሳጥሩት፣ ርዕሱንም ለገምጋሚ እንዲጥም ብላችሁ አትቀይሩት። እንዳለ አስገቡት።