ላም አለኝ በሰማይ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና ስንጠጣ፣ ቡና በማቅረብ ሥራ ያረጁ አንድ ሰው በስልክ ምንዛሪ ከሚነግድ ወጣት ጋር ክፉኛ ተከራከሩ። ወጣቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ሀብት ከእርሻ አይመጣም፤ ገንዘብ ራሱ ገንዘብ ይወልዳል» አላቸው። እርሳቸውም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው መለሱለት።

ወጣቱ በኒው ዮርክ የሚሸጠው የወደፊት የቡና ውል፣ ማለትም ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ቡናው ወደፊት የሚረከብበት ስምምነት፣ ገበሬውን ከዋጋ መውደቅ እንደሚጠብቅ ደጋግሞ ተናገረ። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ገደማ ነውና፣ ግማሽ ሄክታር ያለው የጎማ ወረዳ ገበሬ እንዴት ይገባበታል ሲባል ግን «ቀስ በቀስ ይደርሳል» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። ያ ገበሬ ዕድሜ ልኩን ቢለቅም 17 ቶን ለመሙላቱ እጠራጠራለሁ። ከውሎቹም አብዛኞቹ አንድ ጆንያ ቡና ከቦታው ሳይነሳ በገንዘብ ተዘግተው ያልቃሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ሽማግሌው የሚያውቁት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በየጊዜው የሚገላበጠውን፣ ዳመና ሲመጣ በሩጫ ላስቲክ የሚለብሰውን፣ ሴቶች ቁጭ ብለው እንከኑን ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙትን ነው። የወጣቱ ገበያ ግን ሌላ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር በዓለም በቀን በአማካይ 7.5 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል ምንዛሪ ተገበያይቷል፤ የዚያ ዓመት የዓለም የሸቀጥ ንግድ በሙሉ ግን 25 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የዓመቱን ሸቀጥ የአራት ቀን የምንዛሪ ግብይት ይበልጠዋል ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንደ ሸቀጥ ይሸጥ የነበረው የቤት ብድር ወረቀት ዋጋ ሲያጣ፣ ወረቀቱን አይቶት የማያውቅ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኛ ነው ከሥራ የተባረረው። ወተቷን ያላየ ሰው የላሟን ዕዳ ከፈለ።

ስለዚህ ፍርዴ ለሽማግሌው ነው። በከተማችንም ቆርቆሮ ታጥሮ ዓመታት የቆየ ባዶ ቦታ ዋጋው ሲንር፣ አንድ ድንጋይ ያልደረደረው ባለቤቱ «ጎበዝ ነጋዴ» ይባላል። ብድር የጠየቀ ቡና አምራች ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስያዣ የሚሆን ቤት አምጣ ይባላል፤ ማሳው ላይ ፍሬ ይዞ የቆመው ቡና ለብዙ አበዳሪ ምንም አይደለም። ሠርቶ የሚያድረውን እንዲህ የናቅን እኛ ታላላቆቹ ነን፤ ያ ወጣት የአባቱን ማሳ ጥሎ ስልኩ ላይ ቢያፈጥ ምን ይገርማል?