ዲምቱ ጠፋች

አቦ አንዳንዴ ድሬ ላይ ምእመን ከመሆን ፍየል መሆን ሳይሻል አይቀርም።

በ2011 ክረምት ያ ቺኩንጉኒያ የሚሉት ከተማውን ሲያስተኛው እኔንም አልማረኝም። ትኩሳቱስ በቀናት ለቀቀኝ፣ መገጣጠሚያዬን ግን ምን ልበላችሁ፣ ጉልበቴ ለጸሎት ይቅርና ለሽንት ቤትም አልታጠፍ አለና ሦስት እሁድ ቸርች ቀረሁ። ስምንት ዓመት ወንበር ስደረድር ጄኔሬተር ስጎትት የኖርኩበት ቸርች ነው እኮ! በመጀመሪያው ሳምንት ፓስተር ሳይመጣ አይቀርም ብዬ እህቴን ቤት አስጠረግኳት፣ ሙሽበክ የምንለውን ጣፋጭ አስገዛኋት፣ ሲመሽ ራሷ በላችው። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። "ወንድሜ ደህና ነህ?" አሞኝ ተኝቻለሁ አልኩ። "ውይ ጌታ ይማርህ፣ የዚህ ወር አስራትህ አልገባችም መሰለኝ፣ በአካውንትም ይቻላል እኮ።"

ሙሴ እንኳን ሕዝቡ ሲበዛበት አማቱ ዮቶር መክሮት የሺ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ እያለ እስከ አስር አለቃ ድረስ ሾሟል፣ አስር ሰው ብቻ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አንዱ ሲቀርበት ያውቃል። እኛ ጋ ከአስር አንዱን የሚቆጥር እንጂ አስሩን የሚቆጥር የለም።

ፓስተራችን ያን ሰሞን የት ነበር መሰላችሁ፣ "መልካም እረኛ" የሚል ኮንፈረንስ ላይ፣ ኤሲ ያለው አዳራሽ ውስጥ (በዚህ ሙቀት ኤሲ ውስጥ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም፣ እዚህ ላይ አልፈርድበትም)። ተኝቼ ላይቩን ከፈትኩት። ሕዝቅኤል 34 ላይ ነው፣ ጎሽ አልኩ፣ ግን ቁጥር 4ን፣ ያቺን "የታመመውንም አላከማችሁትም" የምትለዋን፣ እንደ ጉድጓድ ዘለላትና ቁጥር 26 የበረከት ዝናብ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ አሜን! በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ያየ ድሬ ግን ዝናብ ሲባል አሜን ከማለቱ በፊት ትንሽ ያስባል።

አሁን ወደ ፍየሏ ልምጣ። ጎረቤታችን አዴ ሙስሊም ናቸው፣ አስራ ሁለት ፍየል አላቸው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ካርቶን ሲበሉ ይውሉና ማታ አዴ በር ላይ ቆመው በየስማቸው ይጠሯቸዋል። አንድ ማታ ዲምቱ የለችም። እኚህ ሴትዮ በዛ ወገባቸው ባትሪ ይዘው ደቻቱ ወረዱ፣ አጡ፣ ተመለሱ፣ በመጨረሻ ቸርቻችን ግቢ ገቡ፣ ዲምቱ የኮንፈረንሱን ባነር እየበላች ነው፣ "መልካም" አልቋል፣ "እረኛ" ላይ ደርሳለች። ጥበቃው ሊቆጣ ሲል አዴ "አቦ ተወኝ፣ እኔ የኔዋን አገኘሁ፣ የናንተው ሦስት ሳምንቱን ሲተኛ ሾርባ የማመላልስለት እኔ ነኝ" አሉት።

በማግስቱ ፓስተር መጣ፣ ከካሜራማን ጋር። እጁን ግንባሬ ላይ ጫነ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን የምወደውን ወንድሜን፣ ይህን... ይህን..." አለና አንድ ዓይኑን ገልጦ ጎንበስ አለ።

"ስምህ ማን ነበር?"

ውጭ መሽቷል፣ አዴ ይጣራሉ። "ዲምቱ! ጉራቲ! ቡሬ!"